የማያቃጥል እሳት

የሸዋ ሮቢት ምስጥ የሟች ስም አያከብርም። እትዬ የሺ በልጃቸው በዮሴፍ መቃብር ላይ ያቆሙትን የእንጨት መስቀል በአንድ ክረምት ጨረሰው፤ የተተካውንም እንዲሁ። ብረት ይቁም ቢባል ሌባ ነቅሎ ለቁራሌው ይሸጠዋል። ሐውልት ማሠራት ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ነበር።

ዮሴፍ የሚኒባስ ረዳት ነበር። ካራቆሬ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ በእሳት ሲያያዝ፣ ተሳፋሪ ሲያወጣ እዚያው ቀረ። ሳጥኑ እንደተዘጋ ነው የቀበርነው፤ እናቱ ፊቱን አላዩም።

«ምልክት የሌለው መቃብር ነገ ለሌላ ሰው ይቆፈራል፤» ይሉኝ ነበር እትዬ የሺ፣ ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠው። «እኔ እያለሁስ አሳያለሁ፤ እኔ ስሄድ ልጄ የት አለ ይባላል፣ ጋሽ ከበደ?»

ከአንድ የተሰነጠቀ ሰማያዊ የውሃ በርሜል መስቀል ቆረጥኩላቸው። ምስጥ አይበላው፣ ሌባ አይጓጓለት። ከጎኔ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፈው ቃሲም በነጭ ቀለም ስሙን ጻፈበት። ቀለሙ ግን የቆላውን ፀሐይ አልቻለም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ረገፈ።

«ወላሂ፣ የእኔ ቀለም የቆርቆሮ በር ይይዛል፤ ፕላስቲክ ግን ምስጋና ቢስ ነው፤» አለ ቃሲም። «እትዬ የሺ፣ በጋለ ብረት ልጻፈው። ያን ጊዜ እስከ ወዲያኛው አይለቅም።»

እትዬ የሺ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ፍም ውስጥ የገባ ብረት? በልጄ ስም ላይ? አንተ ቃሲም፣ አንዴ መቃጠሉ አይበቃውም?»

ቃሲም አንገቱን ደፋ። የብረቱ ነገር በዚያው ቀረ።

የዮሴፍ ታናሽ ሄኖክ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ፊዚክስ ይማር ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ ነገሩን ሰማና ተመልሶ ሄዶ፣ ከመምህሩ በውሰት አንድ መሣሪያ ይዞ መጣ። የእጅ ባትሪ የምታህል ዘንግ ነች፤ በሽቦ ከትንሽ ሣጥን ጋር ተያይዛለች። ሱቄ ውስጥ ሰካት። ከጫፏ ሐምራዊ ነበልባል ወጣ፤ እያፏጨች ትተነፍሳለች።

«እሳት ነው፤ ግን አያቃጥልም፤» አለና ጣቱን አሳለፈበት። «ቀዝቃዛ ፕላዝማ ይሉታል። አየሩን ኤሌክትሪክ ያነቃዋል፤ የነቃው አየር የፕላስቲኩን ቆዳ ይቀሰቅሰዋል። የተቀሰቀሰ ቆዳ ቀለም አይጥልም።»

«እሳት ማቀዝቀዝ ከተማራችሁማ» አለ ቃሲም፣ «ለዚች ለእኛ ፀሐይም አንድ በላት እንጂ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬ የሺም ሳቁ። ከሐዘናቸው ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። የልጃቸው መስቀል ሊቆም ነው ብለው ጥቁራቸውን አውልቀው፣ ጠጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ነበር የመጡት።

ሄኖክ መስቀሉን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ነበልባሉን በቀስታ አሳለፈበት። እትዬ የሺ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመው ያያሉ። ሐምራዊው ብርሃን መሐሉ ላይ፣ ክንዶቹ በሚገናኙበት ላይ ሲደርስ፣

«ዕፀ ጳጦስ፤» አሉ ቀስ ብለው። «ሙሴ ያያት ዛፍ። ነድዳ ያልተቃጠለችው።»

ሲጨርስ ጀንበር አዘቅዝቃለች፤ መብራቱም ወዲያው ጠፋ። ቃሲም ቀለም በኩራዝ አልቀባም አለ። ሄኖክም ማለዳ ይሁን ብሎ መስቀሉን በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለው።

«እማዬ፣ አደራ፤ በእጅ አይነካ። የሰው እጅ ወዝ አለው፤ ወዝ ከነካው ሥራው ከንቱ ነው። ከነገም እንዳያልፍ፤ ፕላስቲኩ ሲቆይ መቀስቀሱን ይረሳል።»

«አልነካውም፣ ልጄ።»

ይዘውት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማታ መብራቱ ሲመለስ እንደ ልማዱ ከልኩ በላይ ዘልሎ መጣ፤ ሱቄ ውስጥ እንደተሰካች የቀረችው የመሣሪያዋ ሣጥን ጭስ አውጥታ ሞተች። በማግስቱ ቃሲም «ዮሴፍ ለማ» ብሎ መሐሉ ላይ፣ «ዐረፈ» ብሎ ከነዓመተ ምሕረቱ ግርጌው ላይ ጻፈ። እጁ እንዲያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። አቆምነው። ሄኖክም የሞተችውን ሣጥን ይዞ፣ ለመምህሩ የሚለውን እያሰበ፣ ተመለሰ።

ክረምቱ አልፎ ሄኖክ ለመስቀል በዓል ሲመጣ፣ ከእትዬ የሺ ጋር ሦስታችን ወደ መቃብሩ ሄድን። ግርጌው ያለው ጽሑፍ ትናንት የተጻፈ ይመስላል፤ ሄኖክ በጥፍሩ ቢፍቀው እንኳ ንቅንቅ አላለም። መሐሉ ግን ራቁቱን ነው። ስሙ የለም። «ዐረፈ» ይላል መስቀሉ፤ ማን እንዳረፈ አይልም።

ሄኖክ ባዶውን ቦታ ዐየ። ጠርዙ ክብ ነበር፤ የግንባር ያህል ክብ፣ ከሥሩም ጠበብ ያለች አንዲት ምልክት። ቶሎ ብሎ ቆሞ ሸፈነው።

«ፀሐዩ ነው፣ እማዬ።»

«ፀሐይ ለይቶ ስሙን ብቻ ይበላል?» እትዬ የሺ በእጃቸው ገለል አደረጉት። አጎንብሰው ዐዩት። «ያን ዕለት ማታ ተሳለምኩት፤» አሉ። «እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነው፤ አትንኪ ብለኸኛላ። በግንባሬና በከንፈሬ ብቻ። እሳት ሳያቃጥለው ሲያልፍ በዓይኔ ዐይቼ፣ መስቀል ቤቴ አድሮ፣ እንዴት ሳልሳለመው ልተኛ?»

መስቀል ተሳለሙ ብሎ ያሳደገን ቤት ውስጥ፣ መስቀል አትሳለሙ ማለት ለማን ትዝ ይላል?

«ያች እሳት ድጋሚ ትመጣለች?»

«ተቃጠለች፣ እማዬ። ሌላም አይሰጡኝም።»

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቃሲምን ይጥሩልኝ፤» አሉኝ። «ብረቱንም ይዞ ይምጣ።»

ቃሲም ከሰል አቀጣጥሎ ብረቱን አጋለ። «እትዬ የሺ፣ እርስዎ እንኳ ቤት ይሂዱ።»

«በመጀመሪያው እሳት አልነበርኩም፤» አሉ። «ዛሬ ግን አለሁ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አስመጥተው ከመስቀሉ አጠገብ ተንበረከኩ። ብረቱ ሲነካው ፕላስቲኩ ጮኸ፤ ጥቁር ጭስ ወጣ። ሄኖክ ፊቱን አዞረ። እሳቸው አላዞሩም። ቃሲም «ዮ»ን ጨርሶ ብረቱን ሲያነሣ፣ ከጠበሉ በመዳፋቸው ቀድተው ፊደሉ ላይ አፈሰሱ።

«በቃ፣ ልጄ። አለፈ።»

ቃሲም ብረቱን እንደገና ፍሙ ውስጥ ከተተ። እሳቸውም የሚቀጥለውን ፊደል እየጠበቁ መዳፋቸውን እንደገና ሞሉ።