ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ዘይት

አቶ ወልደገብርኤል መኪናቸው ዳገት እንደምትፈራ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። መኪና ሲፈራ እንደ ሰው ዝም አይልማ፤ ይጮሃል። ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነጯ መኪና ሞተሯን እያስጓራች ባለችበት ትቆማለች፤ ከዚያ ቅር እያላት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ፈቀቅ ትላለች።

ባለፈው የማርያም ዕለት ከላይ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እዚያው መታጠፊያ ላይ አገኟቸው። አንዷ ከነሸክሟ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየቻቸውና፣

«አባባ፣ ይህን ላድርስና ልመለስልዎት? ለእርስዎም ለመኪናዋም የሚሆን ጀርባ አለኝ» አለቻቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥርጉት ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። ሳቁ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱና ነጠላቸውን አስተካክለው የቀረውን በእግራቸው ወጡት። ደርሰው፣ ተሳልመው፣ ተመልሰው ሲወርዱ ባላቸው አሁንም እዚያው መታጠፊያ ላይ መሪ ጨብጠው ተቀምጠዋል።

እቤት እንደገቡ ፍርዱ ተሰጠ።

«ስማኝ ወልዴ» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት፣ «ለሚቀጥለው ማርያም ይህቺ መኪና እንጦጦ ካላወጣችኝ ለታዴ ትሰጣለች።»

ታዴ የሚሉት ታናሽ ወንድማቸውን ታዴዎስን ነው። ሲ.ኤም.ሲ ነው የሚኖረው፤ እዚያ ዳገት የሚባል ነገር የለም። ልጁ ነፃነት መንዳት እየተማረች ስለሆነ ነጯን መኪና ከተመኛት ቆይቷል። «ጋሼ፣ በጡረታዋ እንኳ ሜዳ ላይ ትንፈላሰስ እንጂ!» ይላል በመጣ ቁጥር። ሲሄድም ጎማዋን በእግሩ ነካ ሳያደርግ አይሄድም።

አቶ ወልደገብርኤል ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማልደው የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም። ግን መሄጃው በራቸው ላይ ቆሟል፤ ይህ ይበቃቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ሞተሩን ሳያስነሱ ውስጧ ይቀመጡና ጉሙ ከባሕር ዛፎቹ መሃል ሲወርድ ያያሉ። ያን ጊዜ እሳቸው ወደ መንገዱ ሳይሆን መንገዱ ወደ እሳቸው የሚመጣ ይመስላቸዋል። ይህን ለታዴዎስ እንዴት አድርጎ ማስረዳት ይቻላል? ስለዚህ መኪናዋን ይዘው ቁልቁል ወደ ጂቱ ጋራዥ ወረዱ። ወይዘሮ ሥርጉትም «ጉዱን ልይ» ብለው ተከተሉ።

ጂቱ የእንጦጦ ልጅ ናት። ሥራዋን ታውቃለች፤ ሰው ላይ ሳታሾፍ ግን አንድ ቡሎን አትነካም። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዛ በነጭ ጨርቅ ጠረገችው። ጨርቁ ጠቆረ። አሸተተችና ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደችው።

«ጋሼ፣ ይህ ዘይት እኮ ሲገባ ቀይ ነበር። አሁን ጥላሸት ሆኗል። መቼ ነው የተቀየረው?»

«አይቀየርም።»

«እንዴት አይቀየርም?»

«መኪናዋን የሸጠልኝ ሰውዬ ነግሮኛል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው።»

አቶ ወልደገብርኤል የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ከሳቸው አፍ ሲወጣ እንደ ዋዛ አይወጣም፤ ማኅተም ያረፈበት ነው። ጂቱ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«የማን ዕድሜ? የእርስዎ፣ የመኪናዋ ወይስ የሻጩ?»

አሰቡ። «እሱን አልጠየቅሁትም።»

«የካምቢዮው ነው ጋሼ። ካምቢዮው እስኪሞት ድረስ ያገለግላል ማለት ነው። የሚገድለውም ራሱ ዘይቱ ነው።»

«እኔም ሲገርመኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት፣ አሮጌ ጎማ ላይ እየተቀመጡ። «ምን ቢያጠፋ ነው ዕድሜ ልክ የገባ? ነፍስ አጥፍቶ ነው?»

«ሥርጉት፣ አታሹፊ።»

«ከገባ ጀምሮ እኮ ጠያቂ እንኳ አልመጣለትም! ብትነግረኝ ስንቅ አቀብለው ነበር።»

ጂቱ እስኪበቃት ሳቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ። ይህን ያህል የቆየ ዘይት ሲቀየር ወይ ካምቢዮው ነፍስ ይዘራል፣ ወይ ጭራሹን ይተኛል። አንዳንዴ ውስጡ ያለውን ያለቀ ፍሪሲዮን ደግፎ የሚያቆመው ያው ቆሻሻው ነው። የትኛው እንደሚሆን እኔም አላውቅም። ከፍቼ ካየሁት በኋላም እምልልዎታለሁ አልልም።»

አቶ ወልደገብርኤል የጠቆረውን ጨርቅ አዩት። ካልተቀየረ መኪናዋ ለታዴዎስ ናት፤ ከተቀየረ ደግሞ እዚሁ ቆርቆሮ ሥር ልትቀር ትችላለች። ሬጅስትራር የሌላውን ፍርድ ይመዘግባል እንጂ አይፈርድም። በዕድሜያቸው ሙሉ አንድም ጊዜ ፈርደው አያውቁም።

«ቢያንስ አመክሮ ስጠው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት፤ አሁን ድምፃቸው ለስለስ ብሏል።

«እትዬ እንዳሉት ነው የማደርገው» አለች ጂቱ። «ከሥር ሲከፈት የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ነው፤ የቀረው ውስጥ ይቀመጣል። በግፊት አላጥበውም። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተለማምዶ ትንሽ ይንዱበት፣ ከዚያ ደግመን እንቀይራለን። እንዲህ ከሆነ ካምቢዮው አይደነግጥም።»

አቶ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጥ ብለው ቆሙና፣

«ፍቺው!» አሉ።

«ፍቺው?» ወይዘሮ ሥርጉት ከጎማው ላይ ብድግ አሉ። «ፍቺው ደግሞ ከየት መጣ? እኔ አልፈረምኩም!»

«ቡሎኑን ነው የምላት!»

ጂቱ እየሳቀች መኪናዋ ሥር ገባች። ጥቁሩ ዘይት እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ሳፋው ወረደ። የካምቢዮውን የታች ክዳን ስታወርደው ከውስጡ ማግኔቶች ላይ ግራጫ የብረት ብናኝ ተጣብቆ ነበር፤ ወይዘሮ ሥርጉት አዩትና «ጺም አብቅሏላ!» አሉ። ጂቱ ብናኙን በጣቷ አሸችው። የተሰባበረ ብረት እንደሌለው አየችና ደስ አላት። የጠቆረውን ፊልትሮ በአዲስ ተካች፣ ክዳኑን አጥባ ማሸጊያውን ለወጠች፣ መልሳ አሰረችው። ከዚያ አዲሱን ዘይት በቀጭን ጎማ ቀስ እያለች ጨመረችው፤ እንደ ሮማን ጭማቂ ቀይ ነበር።

«ሞተሩን ያስነሱ። ፍሬን ይያዙና ማርሹን በየቦታው እያሳረፉ ይመልሱት።»

አቶ ወልደገብርኤል ማርሹን ወደ ኋላ አሳረፉት። መኪናዋ ዝም አለች። ጂቱም ዝም አለች። ወይዘሮ ሥርጉት እንኳ ዝም አሉ። ከዚያ መኪናዋ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ትከሻውን እንደሚነቀንቅ፣ በቀስታ ነቅነቅ አለች።

«እስትንፋስ አለ» አለች ጂቱ፣ ዘይቱን ሞተሩ እየሠራ እየለካች። «ዳገቱን ግን እኔ አልወጣልዎትም።»

በማርያም ዕለት ታዴዎስ በጠዋት በሚኒባስ መጣ፤ የራሱን መኪና አልያዘም። ነጯን ይዞ ሊመለስ ነዋ! ወይዘሮ ሥርጉት የፊቱን ወንበር ለወንድማቸው ለቀቁለት። «እኔ ኋላ ልሁን፤ በእግር ነው ከተባለ ቶሎ እወርዳለሁ።»

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ታዴዎስ ቀበቶውን ፈታ። አቶ ወልደገብርኤል ነዳጁን ረገጡ። ሞተሩ ድምፁን ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ አደረገ፤ ማርሹ ራሱን ቀየረ፤ ባሕር ዛፎቹ በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ታዴዎስ ቀስ ብሎ ቀበቶውን መልሶ አሰረ።

«ዛሬ ዳገቱ ራሱ ቀለል ብሏል» አለ።

«እንዴታ» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት ከኋላ፣ «አንተን አይቶ ሜዳ ሆነልህ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አወረዷቸው። «እናንተ ተሳለሙ፤ እኔ ማቆሚያ ልፈልግ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል፣ ወደ ማንም ሳያዩ።

ተሳልመው ሲወጡ መኪናዋ የለችም። ጥቂት ቆይቶ ከታች ድምጿ ተሰማ። ነጯ መኪና ዳገቱን ቀጥ ብላ ወጣች፣ ደጃፉ ጋ ዞረች፣ ተመልሳ ወረደች። እንደገና ወጣች። አሁንም ዞራ ወረደች።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ታዴዎስ።

«ዳገቱን እየደገመው ነው።»

«ዳዊት የሚደግም አውቃለሁ። ዳገት የሚደግም ሰው ግን አይቼ አላውቅም!»

«ተወው ይድገም። ና፣ እኛ በእግራችን እንውረድ።»

ቁልቁል ጀመሩ። ታዴዎስ ሚኒባስ የሚይዝበትን እያሰላሰለ ትንሽ ሄደና፣ «ለነፃነት እንግዲህ ምን ልበላት?» ሲል ጠየቀ።

«ሌላ ፈልጉ በላት። ይህቺስ ሥራ ይዛለች» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት፤ ሽቅብ ለምትመጣው መኪናም እጃቸውን አውለበለቡ። አቶ ወልደገብርኤል ግን አላዩአቸውም፤ ዓይናቸው ዳገቱ ላይ ነበር።