እናቱን ቢራ

ቢራ ተብሎ አቃቂ ውስጥ ተማሪ ቤት መግባት ቀላል ነገር አልነበረም። መምህሩ ስም ሲጠራ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል፤ "ቀዝቃዛ ነው?" የሚል አይጠፋም። እናቱ አለሚቱ ይህን በሰማች ቁጥር ትበግን ነበር። ክረምቱ አልፎ ምድሩ ሲያብብ ኦሮሞ ወቅቱን ቢራ ይለዋል፤ ልጇም የተወለደው ያኔ ነው። የከተማው ሰው ስሙን ከጠርሙስ ጋር ካምታታው ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ቢራ አድጎ ባጃጅ ነጂ ሆነ። አንድ ማለዳ ከባድ መኪና ከነባጃጁ ገጭቶ ገደለው። የዚያን ዕለት ከቤት ሳይወጣ አለሚቱ ጮኻበት ነበር። "ሠላሳ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ ስትጫወት አታፍርም?" አለችው። እሱም ቁርሱን ሳይነካ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጠልቶኝ ሄደ።" ጎረቤት መከራት፣ የንስሐ አባቷ መከሯት፤ ወይ ፍንክች።

እህቱ ሌንሳ ግን ማስረጃ ነበራት። ማስረጃው ደግሞ ያው እናቷ የረገመችው ጨዋታ ውስጥ ነው። ቢራና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ነቢልና ከሊል፣ እሁድ እሁድ በኮምፒውተር ይገናኛሉ። ስክሪኑ ላይ ካርታ ይዘረጋል፣ ዳይስ ይጣላል፣ ሦስቱም በገዛ ስማቸው የጥንት ዘመን ጀግና ይሆናሉ። የሆነውን ሁሉ በጨዋታው ጆርናል የሚጽፈው ቢራ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጽፏል። አንድ እሁድ ጀግኖቹ ሞት እንኳ ቢመጣ የማይተዉትን እየጠሩ ማሉ። ቢራም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ወንዙን ነቢል፣ ፈረሱን ከሊል፣ እናቱን ቢራ።" ሌንሳ ከኋላው ቆማ ስለነበር መስመሩን በዓይኗ አይታዋለች። ለሙት ዓመቱ ጆርናሉን አሳትማ ለእናቷ ልትሰጥ ወሰነች።

ቢራ የሚጽፈው እየተጣደፈ ስለነበር ፊደሉ ሁሉ የተዘበራረቀ ነው። ነቢል አንድ ኤጀንት አሳያት፤ ያዘዙትን ተቀብሎ የጨዋታ ጆርናል ገጽ በገጽ የሚያርም የኤአይ መሣሪያ ነው። ሌንሳ ቂሊንጦ ወደምትሠራበት ፋብሪካ ስትሄድ፣ ሰርቪስ ውስጥ ሆና በስልኳ አዘዘችው፦ "የፊደል ስህተት አርም። ታሪኩ የጥንት ነው፤ የዘመኑ ነገር ካለ በጥንቱ ተካው።" ቢራ ለቀልድ ጀግኖቹን ታክሲ ያሳፍራቸው ነበርና ነው። ኤጀንቱ እንደ ታማኝ ሎሌ ሲባዝን ቆይቶ ዝርዝር አቀረበ፤ ታክሲ በሠረገላ፣ አስፋልት በጥርጊያ መንገድ፣ እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ሰርቪሱ ደግሞ የፋብሪካው በር ላይ ደርሷል። ሌንሳ "ሁሉንም አጽድቅ" የሚለውን ነክታ ወረደች።

ሳሪስ አቦ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ረሻድ "ሌንሲ፣ አንዴ አይተሽው ላትመው?" ቢላት፣ "አውቀዋለሁ፣ አትመው" አለችው። ምነው ባየችው!

በሙት ዓመቱ ዕለት እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ ሌንሳ መጽሐፉን ለእናቷ አስታቀፈቻት። "እማዬ፣ መሐላ የሚለውን ፈልገሽ አንብቢው" አለቻት።

አለሚቱ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ናት። መነጽሯን አድርጋ፣ ርዕሱን ፈልጋ አገኘችና በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"ወንዙን... ነቢል። ፈረሱን... ከሊል። እናቱን..."

ቆመች። ሌንሳ እናቷ የልጇን ስም ያየች መስሏት ፈገግ አለች።

"እናቱን ጠላ።"

ሌንሳ መጽሐፉን ነጠቀቻት። ገለጠች፤ "ጠላ ሰይፉን መዘዘ" ይላል። ደግማ ገለጠች፤ "የጠላ ፈረስ ደከመ።" ያ ታማኝ ሎሌ ቢራን የጠርሙስ ቢራ አድርጎት፣ በጥንት ዘመን ደግሞ ቢራ የለም ብሎ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ላይ ጠላ አድርጎታል። ምስኪን ቢራ ከሞተም በኋላ ከተማሪ ቤቱ ቀልድ አላመለጠም። ያጸደቀችው ደግሞ የገዛ እህቱ ናት። የቀድሞውን ልታሳያት ስልኳን ከፈተች፤ ኤጀንቱ የጻፈው በላዩ ላይ ስለሆነ የቀድሞው የለም። ሌንሳ ራሷን ጠላች።

"እማዬ፣ ስህተት ነው! ፊደል እንዲያርም ያዘዝኩት ማሽን ሁለት መቶ ቦታ ለውጦታል፤ የሚጠጣውን ጠላ ማለቱ ነው። እዪ፣ እዚህም ጠላ፣ እዚህም ጠላ። 'እናቱን ቢራ' ነበር የሚለው፤ እናቱን አይተውም ማለት ነው። ነቢልን ጠይቂው!"

"ነቢል እኔን ለማጽናናት የማይለው ነገር አለ?"

ግን አለሚቱ ሞኝ አይደለችም። የተጠቆመላትን ሁሉ አንድ በአንድ አየች፤ ገባት። ሌንሳ እስክሪብቶ አንስታ ጠላ የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ ቢራ ብላ ጻፈች።

"ገብቶኛል ልጄ" አለች አለሚቱ። "ማሽኑ ሁለት መቶ ቦታ ተሳስቷል።" መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው። "እዚች ላይ ግን የጻፈው እኔ ዓመት ሙሉ ስል የከረምኩትን ነው። ያን ሁሉ ቦታ ሲሳሳት፣ አንዲት ቦታ እንኳ ልክ አይሆንም?"

በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ቢራ የሌንሳ እጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ያለው ጠላ ቢሰረዝም ይነበባል፤ የእናትየው ጣት ያረፈው እሱ ላይ ነው።