እናቴ የተሳለችው

እናቴ ያላደረሰችው ስለት ነበረባት። የተሳለችው ደግሞ በእኔ እግር ነው። እኩዮቼ ገመድ ሲዘሉ እኔ ገና መሬት ለመሬት እሳብ ነበር። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያሉ የሚያጽናኗት ሁሉ በልባቸው ተስፋ ቆርጠው ነበር። እሷ ግን ከከተማችን በላይ ወዳለው ኮረብታ፣ ጫፉ ላይ ወደተሠራችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንጋጣ ለእመቤታችን ተሳለች። ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ቀኝ እግሬ እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ መሄዱን ግን ይሄዳል።

ጎረቤቱ ስሜን ትቶ "ተአምር" አለኝ። እንግዳ ከመጣማ ዳቦ ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ አቁመው "ተአምር፣ እስቲ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ይዩሽ!" ይሉኛል። እንደ ሰርከስ ዝንጀሮ መታየት አንገሸገሸኝ። ካደግሁ በኋላ ልብስ ሰፊ ሆንኩ፤ ሱቄን ስከፍትም የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኳት ጀርባዬን ለኮረብታው ሰጥቼ ነው። ተሳላሚ በመስኮቴ ስር ዓመት እስከ ዓመት ይጎርፋል፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሱሪ አሳጥራለሁ፤ አንድ ቀንም አብሬ ወጥቼ አላውቅም።

እናቴ እያረጀች ስትሄድ ጉልበቷ ከዳት። ያኔ ስለቱ ያስጨንቃት ጀመር። "ሳላደርሰው ብሞትስ?" ትላለች። ቤተሰቡ በሙሉ መላ መታ። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ተሳላሚዎችን በመኪና መንገዱ ዞሮ ጫፍ ድረስ ያመላልሳል። "ሴትዮ፣ ከኋላዬ ቁጭ በይ፣ በሩ ላይ ላውርድሽ" አላት። "ለአፍ ዳገት የለውም፤ ላንተማ ለእግርህም የለው" ብላ መለሰችው። ወንድሜ ጥሩ ምርኩዝ ገዛላት፤ ከበሩ ኋላ ቆሞ ቀረ። አክስቴ "እኔ በውክልና እወጣልሻለሁ" ብላ በእግሯ ወጥታ ውስጥ እግሯ ውሃ ቋጥሮ ተመለሰች። እናቴ እግሯን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ "ያንቺ ይድረስልሽ፤ የእኔ ገና ነው" አለቻት። ቄሱ ሳይቀሩ ስለቱን ወደ ጸሎት ሊለውጡላት ፈቅደው ነበር። "እሺ አባ" አለች፤ ማታ ግን ያው መተከዝ ነው። ሁላችንም የተሳለችው በእግሯ ልትወጣ፣ ነገሩም የጉልበት ጉዳይ መስሎን ነበር።

ዘንድሮ ታማ ከተነሳች በኋላ ምግብ አልወርድ አላት። አንጀቴን በላችው። አንድ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ሄድኩና "ተነሽ፣ እንውጣ" አልኳት።

"አንቺም?"

"ታዲያ ማን ይደግፍሽ?"

ጫማዋን እንደዚያ ፈጥና ስታጠልቅ አይቻት አላውቅም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ለአባቴ ጫፍ ላይ አውቶቡሱን ይዞ እንዲጠብቀን ነገርነውና እኛ በእግር መንገዱ ጀመርን። እሷ በምርኩዝና በእኔ ክንድ፣ እኔ በማነከሴ። ከኋላችን የመጣ ሁሉ አለፈን።

ዳገቱ መሃል ላይ ከጉልበት ከፍ የማይል አሮጌ ግድግዳ አለ። ቤተ ክርስቲያኗ መጀመሪያ የታሰበችው እዚያ ነበር ይባላል። በድሮ ዘመን ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡ ወደ ኮረብታው ሸሸ፤ የተረፉት ለእመቤታችን ቤት ሊሠሩ ተስማሙ፤ የት እንደሚሠሩ ግን መስማማት አቃታቸው። ሽማግሌዎቹ "እኛም እንድንደርስባት መሃል ላይ ትሁን"፣ ወጣቶቹ "ጫፍ ላይ" አሉ። በሽማግሌዎቹ ቃል ተጀመረ። ቀን የተካቡት ድንጋዮች ግን ሲነጋ ጫፍ ላይ ይገኙ ጀመር። ቄሱ "የእመቤታችን ፈቃድ ነው" ይላሉ። አባቴ "የጎረምሶቹ ትከሻ ነው" ይላል። ብቻ ቤቷ ጫፍ ላይ ተሠራች። ሽማግሌዎቹም የቀረችውን ግድግዳ አናስነካም ብለው እዚያው ይጸልዩ ነበር አሉ።

እናቴ ግድግዳው ላይ ተቀመጠች። "በቃኝ" አለች።

"እሺ፣ ትንሽ እረፊና እንቀጥላለን።"

"እኔ ደርሻለሁ።"

"እማዬ፣ ጫፉ እኮ ገና ነው። ነይ ልዘልሽ።"

"ምነው፣ ሙሽራ መሰልኩሽ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "እኔ ልወጣ መች ተሳልኩ? 'ልጄ በእግሯ ወደ ቤትሽ ስትወጣ ቆሜ ልይ' ነው ያልኳት።"

ክው አልኩ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትወጪልኝ ነበር። ግን እየተናደድሽ፣ የሰው መታያ እየሆንሽ። በልጅነትሽ ያስለቀሱሽ አይበቃም? ራስሽ እስክትነሺ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ዛሬ ነይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"አክስቴስ? ያን ሁሉ ውሃ ቋጥራ?"

"እሷማ ለራሷ ኃጢአት ጠቅሟታል።"

ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። እጇን ስሜ መንገዱን ያዝኩ። ያን ቀን ማነከሴን ልደብቅ አልሞከርኩም፤ ዳገቱም ቢሆን አያስደብቅም። ከኋላዬ ለአንዱ አላፊ "ያቺ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው፣ ልጄ ናት" ስትል ሰማኋት። ድምጿ ውስጥ "ተአምር" የሚል አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኗ በር ዝቅ ያለ ነው፤ ደፉም በብዙ እግር ተበልቶ መሃሉ ጎድጉዷል። ውስጡ ቀዝቃዛና ጠባብ ነው። በጎን ግድግዳው ላይ የዳኑ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ ክራንቾች ተሰቅለዋል፤ አንዳንዱ የልጅ ነው፣ ከክንድ አይበልጥም። አንዲት ሴት ተንበርክካ ታለቅሳለች፤ አንድ አዛውንት አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እያነከስኩ መሃሉን አቋርጬ ስሄድ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ከእመቤታችን ምስል ስር ቆምኩ። ጸሎት የሚባል ሁሉ ጠፋኝና "ይኸው መጣሁ" ብቻ አልኳት።

ስወጣ አባቴ አውቶቡሱን ትቶ ወደ እኔ መጣ። "እናትሽስ?"

ወደ ታች አሳየሁት። ከግድግዳው አጠገብ፣ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ እኛ ቀና አድርጋ ቆማለች። ከተለያየን ጀምሮ አልተቀመጠችም ማለት ነው።

"ምነው በዚያ ጉልበቷ ትቆማለች? ተቀመጪ በያት እንጂ!" አለና ሊጣራ እጁን ወደ አፉ አነሳ።

እጁን ያዝኩት። "ተዋት አባዬ። ስለቷን እያደረሰች ነው።"