ከቤት ወደዚያው ቤት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ዕድሜ ልኬን የአንድ እግር ካልሲ ስፈልግ ልኑር። ግማሹን የሰማሁት ከራሱ ከባለ ታሪኩ አፍ ነው፤ ግማሹን በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ቀዳዳው ባይኖርም ጩኸቱ ይበቃኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ነው። ክሬን በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሌላውን በሁለት እጁ ይዞ ሳሎኑን እየዘለለ ይዞራል። የረገጠው የትንሹ ልጁን የመጫወቻ መኪና ነው፤ ጎማዋ ወላልቆ ብረቷ ብቻ የቀረ።

በቁመቱ ክሬን የምንለው ይህ ጎረቤቴ ዕቃ ጫኝ ነው። ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን ከነበረበት አንስቶ አዲሱ ቤት ያደርሳል። ፍሪጅ ተሸክሞ ፎቅ ሲወጣ ያፏጫል ይሉታል። ቁመቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በር ሲገባ መጀመሪያ ጉልበቱ ይገባል፣ ቀጥሎ ደረቱ፤ ጭንቅላቱ የሚደርሰው ሰላምታ ካለቀ በኋላ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ጎረቤት ልብስ ከማስገባቱ በፊት እሱን ይጠይቃል፤ ዝናቡ ቀድሞ የሚመታው እሱን ነዋ።

«ማነው እዚህ መሀል ያስቀመጣት?» አለ እግሩን እያሸ።

ሦስቱ ልጆቹ ተያዩ። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፤ አለቃ ይሏታል፤ ታዛለች እንጂ አትሠራማ። መካከለኛው ጠበቃ ነው፤ ጥርስህን ታጠብ ቢሉት መቆሸሹን አረጋግጡልኝ የሚል። ትንሹ ቁንጫ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ለትንሽ ጊዜ አብሮት መቀመጥ ይበቃል።

«አባዬ፣ እሷ እኮ ቆማ ነበር» አለ ጠበቃ። «የመጣህባት አንተ ነህ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ክሬን ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ሳቅ ሳቅ አላለውም።

ሚስቱ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ሰሞኑን የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጠርተዋት፣ የንጋቱን ፈረቃ አንቺ ምሪው፣ ዋና ጋጋሪ ሁኚ ብለዋታል። ሴትዮዋ ይህን ከሠርጓ በፊት ጀምራ ስትመኘው የኖረች ናት። በእንቅልፏ እንኳ ትራስ ስታቦካ ታድራለች፤ አንድ ሌሊት ክሬን የነቃው ጆሮውን ድቡልቡል አድርጋ ልትጋግረው ስትል ነው። ችግሩ፣ ዋና ጋጋሪ ጎህ ሳይቀድ ከቤት መውጣት አለባት። ክሬንም ጠዋት ጠዋት ጭነት አለው። ታዲያ ይህን ቤት ማን ያነሳዋል?

ዛሬ ለሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆማ ቁርጡን ነግራዋለች።

«ነገ መልስ እሰጣቸዋለሁ። ዛሬ ስመለስ ይህ ቤት ሰው የሚኖርበት ከመሰለ እሺ እላለሁ። እንዲሁ ከጠበቀኝ ግን ይቅርብኝ። ደግሞ ብቻህን ጠርገህ እንዳትጠብቀኝ፤ አንተ አንድ ቀን ትጠርጋለህ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላው ቀን ነው።»

«ልጆቹ ይሠራሉ» አለ ክሬን።

«እነዚህ?» ብላ ሳቀችና ሄደች።

ክሬንን የቆጠቆጠው ያ ሳቋ ነው። በሳቁ ውስጥ ምኞቷን አጣጥፋ ስትከተው ያያት መሰለው።

መጀመሪያ በትእዛዝ ሞከረ። መሀል ሳሎን ቆሞ ድምፁን አወፍሮ፣ ሁሉም የራሱን ያንሳ አለ። አለቃ ትእዛዙን ለጠበቃ አስተላለፈች። ጠበቃ መሬት ላይ የተገኘ ካልሲ ሁሉ የኔ ነው ማለት አይደለም ብሎ ተከራከረ። ቁንጫ ካልሲውን እጁ ላይ አጥልቆ ማናገር ጀመረ። ቀጥሎ በውድድር መጣባቸው፤ ቀድሞ የጨረሰ ጀግና ነው አላቸው። ሦስቱም ባንዴ ጨረሱ። ክሬን በደስታ ሊቀመጥ ሲል ሶፋው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ጠበቀው፤ የቤቱን ኮተት በሙሉ ከስሩ ወትፈውታል።

«እሺ ቢያንስ ጃኬታችሁን ስቀሉ» አለ ለምኖ።

ጠበቃ ጃኬቱን ወደ ግድግዳው ሚስማር ወረወረው። ወደቀ። ደግሞ ወረወረው። ደግሞ ወደቀ።

«ሞክሬያለሁ» አለ። «ሚስማሩ አልተባበረም።»

ክሬን ተስፋ ቆርጦ በመስኮት አየ። የሚሠራባት የጭነት መኪና በር ላይ ቆማለች፤ እሑድ እሑድ እዚያው ነው የምታርፈው። ትክ ብሎ ሲያያት ቆየ። በሥራ ዘመኑ ስንትና ስንት ቤት ጽድት ብሎ አይቷል፤ ሁሉም ግን ሰው ሲለቃቸው ነው። ሰው በቤቱ ሲኖር ያላነሳትን አቧራ ሊሄድ ሲል ነው የሚያነሳት። ክሬን ስለ ንጽሕና የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

«ልጆች፣ ዛሬ ቤት እንለቃለን» አለ።



«የት ልንገባ?» አለች አለቃ።

«እዚሁ።»

«ከዚህ ወጥተን እዚህ?» አለ ጠበቃ። «ታዲያ ለምን እንወጣለን?»

«ሳንወጣ እንዴት እንገባለን?»

ጠበቃ ክርክሩን ትቶ ቀድሞ ወደ በሩ ሮጠ። 

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። አንዲት ካልሲ ለማንሳት ወገቤን ያሉት ልጆች ቁም ሳጥን ካልተሸከምን ብለው ተጣሉ። ክሬን የሥራ ጓንቱን አከፋፈላቸው፤ ለቁንጫ የደረሰው አንዱ ጓንት እስከ ብብቱ ገባለት። የጫኝ ደንብ ነገራቸው፤ ባለቤት የሌለው ዕቃ መኪና ላይ አይወጣም። ጠበቃ ይህን ሲሰማ የካዳቸውን ካልሲዎች ሁሉ አንድ በአንድ የኔ ናቸው እያለ ሰበሰበ። አለቃ መኪናው ላይ ቆማ ትቀበላለች። ቁንጫ ትራስ ታቅፎ እየሮጠ «ቀስ፣ ቀስ፣ ይሰበራል!» ይላል፤ አባቱ ሥራ ላይ የሚለውን ነው።

ሶፋው ሲነሳ የጠፉ ማንኪያዎች በሙሉ ተገኙ። ከማንኪያዎቹ አጠገብ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ብርሃኑ ሲመጣባት ቀና ብላ፣ ሳታንኳኩ ለምን ገባችሁ በሚል ዓይን አየቻቸው።

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ይሮጣል። መጀመሪያ የመጡት የዶሮዋ ባለቤት፣ ጎረቤታቸው እማማ ናቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠራረጉ ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ሳትሰናበተኝ? ምን በደልኩህ?»

ክሬን የትም እንደማይሄድ ሊነግራቸው ሞከረ። እማማ መኪናውን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ ደግሞ እሱን አዩ፤ መዋሸቱ ይባስ ብሎ አስለቀሳቸው። ከእሳቸው ኋላ ሰፈሩ ተግተለተለ። ሰው ሊሄድ ሲል ሕሊና ይነቃል መሰለኝ፣ ያልተመለሰ ውሰት ሁሉ መጣ። አንዱ መሰላል፣ አንዷ ድስት፣ ሌላው ክሬን የሱ መሆኑን ረስቶ ሲያደንቀው የኖረውን ጃንጥላ ይዞ መጣ።

ይህ ሲገርመው የሰፈሩ የቤት ደላላ ደረሰ። ደላላ ባዶ ቤት ይሸተዋል። ሁለት አዲስ ተጋቢዎች አስከትሏል፤ ሴቷ ገና ከመግባቷ መስኮቱን በእጇ እየለካች መጋረጃ ታስባለች። ክሬን በር ላይ ከእማማ ጋር ሲከራከር፣ እንግዶቹን የተቀበላቸው ጠበቃ ነው።

«ይህ ቤት ተይዟል» አላቸው እጁን አጣምሮ። «ዛሬውኑ ሰው ይገባበታል።»

«ማን ነው የሚገባው?» አለ ደላላው ተቆጥቶ።

«እኛ።»

ደላላው ክሬንን ቀና ብሎ አየው፤ ክሬን ትከሻውን ነቀነቀ። ተጋቢዎቹ እየሳቁ ሄዱ። ደላላው ግን እስከ ዛሬ አልገባውም፤ ሲያልፍ ቤቱን በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ባዶው ቤት ደግሞ ልጆቹን አሳበዳቸው። ድምፅ ያስተጋባል፤ አንድ ጊዜ ሲሉት ሦስት ጊዜ ይመልሳል። አለቃ ወንድሞቿን ልታዝ ጮኸች፤ ትእዛዙ ከግድግዳው ተመልሶ ራሷ ላይ ሲወድቅ ደንግጣ መጥረጊያ አነሳች። ጠበቃ ወለወለ። ቁንጫ በእርጥቡ ወለል ላይ በቂጡ እየተንሸራተተ፣ መወልወያ ያልደረሰበትን ጥግ በሱሪው አጸዳ።

ዕቃው መመለስ ሲጀምር ነው ነገሩ የመጣው። ጫኝ ዕቃ ያነሳል እንጂ ቦታ አይመርጥም፤ የት እንደሚቀመጥ የሚያሳየው ባለቤቱ ነው። ክሬን የኩባያውን ካርቶን ታቅፎ ገባና፣ አፉ ስለለመደ ብቻ፣

«የት ላድርገው?» አለ።

አለቃ የታችኛውን መደርደሪያ አሳየችው።

«ኩባያ እኮ ሁሌም ላይኛው ላይ ነው።»

«እዚያ አንደርስም፣ አባዬ። ውሃ ሲጠማን እማዬ በርጩማ ላይ ወጥታ ነው የምታወርድልን። ጠጥተን ደግሞ መልሰን መስቀል አንችልም።»

ክሬን ካርቶኑን አስቀመጠ። ምን እንደነካው አይታወቅም፣ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ጭንቅላቱን ከቁንጫ ጭንቅላት ጋር እኩል አደረገ። ከዚያ ሆኖ ቤቱን አየው። የጃኬቱ ሚስማር የሰማይ ኮከብ ሆኖ ታየው። የመጥረጊያው ማንጠልጠያ፣ የፎጣው ገመድ፣ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ሁሉ ደመና ውስጥ ነው። ሁሉንም የሰቀለው ራሱ ነበር፤ ሰቅሎ ሲያበቃ ደግሞ ለምን አትሰቅሉም ብሎ ሲጮህባቸው ኖረ።

«መዶሻ አምጣልኝ» አለው ጠበቃን።

ጠበቃ ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ክሬን ሚስማሮቹን ነቀላቸው። ልጆቹን አንድ በአንድ ግድግዳ አስደግፎ፣ በየትከሻቸው ልክ መታላቸው። የቁንጫ ሚስማር ከክሬን ጉልበት ብዙም አይበልጥም። ቁንጫ ጃኬቱን ሰቀለ፣ አወረደ፣ ሰቀለ፣ አወረደ፤ በኋላ የእህቱንም፣ የወንድሙንም፣ የአባቱንም ጃኬት እዚያችው ላይ ካልሰቀልኩ ብሎ አስቸገረ።

ሚስትየዋ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ የጭነት መኪና፣ መኪናው ላይ የራሷ አልጋ፣ አልጋው ላይ ቁንጫ ተኝቶ ጠበቋት። እማማ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አንቺስ ብትሆኚ ሳትነግሪኝ አሏት። የዳቦዋን ፌስታል ይዛ ድንጋይ ሆና ቀረች።

«ወዴት ነው?» አለችው ክሬንን።

«ወደ ቤት። አልጋው ብቻ ነው የቀረን።»

ገባች። ወለሉን አየች፣ ጥጋጥጉን አየች። በጣቷ የመስኮቱን ደፍ ዳበሰችና ጣቷን አየችው።  ጃኬቷን አውልቃ ሳታይ እጇን ወደ ላይ ሰደደች፤ ሚስማሩ የለም። ግድግዳውን ስትዳብስ፣ ነቅቶ የተከተላት ቁንጫ ጃኬቷን ከእጇ ነጥቆ እታች ሰቀለላት።

«እዚህ ነው እኮ» አላት፣ እንደ እንግዳ።

ወጥ ቤት ገባች። ክሬን በሩ ላይ ቆመ፤ ልጆቹ በእግሮቹ መሀል አጮለቁ። ኩባያ አነሳች፣ ውሃ ቀዳች፣ ቀስ ብላ ጠጣች። ኩባያውን አጥባ በርጩማዋን ወደ መደርደሪያው ጎተተች። አንድ እግሯን አወጣች። ታች የተደረደሩትን ኩባያዎች አየች፤ ተጣመዋል፣ አንዱ በአፉ ተደፍቷል፣ አንዱ ውስጥ ማንኪያ አለ።

እግሯን ከበርጩማው አወረደች። ቁጢጥ ብላ የራሷን ኩባያ ከልጆቹ ኩባያዎች አጠገብ አስቀመጠች።

«ከእንግዲህ እኔ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ነው የምትነሱት» አለቻቸው ቁጢጥ እንዳለች። «ስትጠጡ እዚችው ትመልሷታላችሁ። በርጩማዋን ለእማማ ስጧቸው፤ ለዶሯቸው መቀመጫ ትሁን።»

ጠበቃ ማስረጃ አልጠየቀም፤ በርጩማዋን ተሸክሞ በረረ።

ታሪኩ ይኸው ነው። ዶሮዋ እውነት ናት፣ ደላላውም እውነት ነው፣ ጃንጥላውን የመለስኩት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ካልሲው የገባሁት መሐላ እንዳይዘኝ ልናዘዘው። ክሬን ያን ያህል ረጅም አይደለም። ቁመቱ እንደኔ፣ እንደማንኛውም አባት ነው። ሚስማር ሲመታ ጎንበስ ብሎ አያውቅም ነበር እንጂ።