ዘጠኝ ክንድ ስንጥቅ

እንጅባራ ላይ የቀርከሃ ወንበር የፈለገ ሰው ሌላውን ሁሉ አልፎ ይኸነው ዘንድ ይሄዳል። የሥራ ቦታው ከአስፋልቱ ዳር ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት፤ በደጇ ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ የሕፃን አልጋው ተደርድሮ ይውላል። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ አድራሻ ሳይጠይቁ ያደርሳሉ፤ «ይኸነው ጋ» ማለት ይበቃል።

ይኸነው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ቁጥሩን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ሙያውን ልማር ብሎ ለመጣ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ቀርከሃ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዕለት ዕለት ሰንጥቅ፤ እጅህ ራሱ ያውቀዋል።» ይህን እያለ ሁለት ክንድ የምትሆን ቀርከሃ ያነሣና፣ ዓይኑን ከሰውየው ሳይነቅል ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ይከፍላታል። ስምንቱም እኩል ይሆናሉ። ያየ ሰው ይገረማል፤ ይኸነውም መገረሙን ይወዳል።

ጥር ሊያልቅ ሲል ቄስ ገብረ ማርያም የሚባሉ ካህን ከአዘና ወገን መጡ። ከአዘና አንድ ሰዓት በእግር የምታስኬድ የገጠር ደብር አስተዳዳሪ ናቸው። የደብሩ ሚካኤል አርጅቶ እንደገና እየተሠራ ነው፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል። የቀረው ኮርኒሱ ነው።

«የድሮው ኮርኒስ በቀርከሃ የተሸመነ ነበር» አሉ ቄሱ። «ምእመኑ ሌላ አንፈልግም ብሏል። ለሰኔ ሚካኤል እንዲደርስልን ነው የመጣሁት። ትችላለህ?»

«እችላለሁ አባ» አለ ይኸነው። የድሮውን ኮርኒስ ገና አላየውም ነበር።

ያየው በሳምንቱ ነው። በሚኒባስ አዘና ወርዶ፣ ከዚያ በእግሩ ተጉዞ ደብሩ ደረሰ። ቄሱ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቡትና ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን አሮጌ ቁራጭ አሳዩት። ይኸነው ጎንበስ ብሎ ስንጥቅ ከስንጥቅ የተቀጠለበትን መጋጠሚያ ፈለገ። የለም። አንዷን ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንዱ ለካት፤ ዘጠኝ ክንድ ሆነች። ስፋቷ ከትንሿ ጣቱ አይበልጥም፤ መጀመሪያዋም መጨረሻዋም ያው ነው። በቢላዋ ተፍቃ ይሆናል ብሎ ጥፍሩን በጠርዟ ላይ አሳለፈ። ቢላዋ አልነካትም። እንዲሁ ተሰንጥቃ ነው እንዲህ የሆነችው።

«ማን ነው የሠራው?» አለ።

«ደረሰ የሚባል የዚሁ አገር ሰው ነበር። ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል።»

ይኸነው ሌላ ነገር አልጠየቀም። ረጃጅም የቀርከሃ ዘንግ አስቆርጦ፣ በጋሪ እስከ መንገድ፣ ከዚያ በአይሱዙ እንጅባራ ድረስ አስመጣና ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዋን ሲሰነጥቅ እስከ ሦስተኛው አንጓ ቀጥ ብላ ሄደች። አራተኛው ላይ ወደ አንድ ወገን ሸሸች፤ አንዱ ጎን እየቀጠነ ሄዶ ጫፍ ሳይደርስ ተበጠሰ። ሁለተኛዋም አራተኛው አንጓ ላይ ሸሸች። ሦስተኛዋም።

«ቀጥል እንጂ» አለው በጎኑ የሚሠራው ባልንጀራው አሳምነው። «ወንበሩን እንደለመድከው ይኸንንም ትለምደዋለህ።»

ይኸነውም ያመነው ይህንኑ ነበር። የካቲትን ሙሉ ከማለዳ እስከ ምሳ የወንበር ትእዛዝ እየገፋ ረጅሙን ሰነጠቀ። መጋቢትንም ደገመ። መዳፉ ቆስሎ ደረቀ፣ እንደገና ቆሰለ። የተበላሸው ስንጥቅ ከዳሱ ጀርባ የሰው ቁመት አከለ፤ ጎረቤቶች ለማገዶ ይወስዱት ጀመር። በመጋቢት ማብቂያ አንድ ቀን ክምሩ አጠገብ ተቀምጦ አንድ በአንድ እያነሣ አያቸው። በየካቲት መጀመሪያ የሰነጠቃትና ትናንት የሰነጠቃት ልዩነት የላቸውም። ሁሉም አራተኛው አንጓ ላይ፣ ሁሉም ወደ ግራ። ሁለት ወር ሙሉ ሲለማመድ የኖረው ስሕተቱን ነበር።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ወንበር ከሁለት ክንድ የበለጠ ስንጥቅ አይፈልግም። ሃያ ሁለት ዓመት ያጨበጨቡለት እጁ ከሦስተኛው አንጓ አልፎ የሄደበት አንድም ቀን የለም።

ተመልሶ ቄሱ ዘንድ ሄደ። «አባ፣ የአቶ ደረሰ ወገን የለም?»

«አንዲት ልጅ አለችው። በቀለች ትባላለች፤ እሷም አሁን አሮጊት ናት። ግን ቀርከሃ ሠርታ አታውቅም።»

እማማ በቀለችን ያገኛቸው ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው የዘር ድንች ሲለዩ ነው። ቀጭን፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ሴት ናቸው። የመጣበትን ሲነግራቸው እጃቸውን ከድንቹ ላይ አላነሡም።

«እኔ ጫፍ ያዥ ነበርኩ» አሉ አዊኛ በሚጎትተው አማርኛቸው። «ከስድስት ዓመቴ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ። አባቴ ይሰነጥቃል፣ እኔ ወዲያ ማዶ ጫፉን እይዛለሁ። ሌላ አላውቅም።»

«ያዩትን ይንገሩኝ።»

«አምጣና ሰንጥቃ። እዚያው እነግርሃለሁ።»

በማግስቱ ዘንግ ይዞ መጣ። እማማ በቀለች ጫፉን ይዘው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ይኸነው ቢላዋውን አስገብቶ መግፋት ጀመረ። ገና ሦስተኛው አንጓ ሳይደርስ «ቁም» አሉት።

«ምነው? ቀጥ ብላ እየሄደች ነው እኮ።»

«ተበላሽታለች። ድምጿ ሰለለ።»

አላመናቸውም። ገፋት። አራተኛው አንጓ ላይ እንደ ልማዷ ወደ ግራ ሸሸች። ሌላ ጀመረ፤ አሁንም «ቁም» አሉት። ሌላ፤ «ቁም»። ከሰዓት በኋላ ላብ አጥምቆት፣ ቢላዋውን መሬት ላይ አኖረ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ በሕይወትዎ ስንት ሰንጥቀዋል?»

«አንድም» አሉ። ምንም አልተቀየሙም።

ይኸነው ዕቃውን ጠቅልሎ ተሰናበተና በመጨረሻው ሚኒባስ እንጅባራ ገባ። ሚስቱ እህተማርያም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የተማሪ ደብተር ቆልላ እያረመች ነበር። እራቱን እየበላ የሆነውን ነገራት፤ ሲነግራት ቁጣው ተመለሰበት። አንዲት ዘንግ ሳይነኩ ያረጁ ሴት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራን ሰው «ቁም፣ ቁም» ሲሉት መዋላቸውን ደጋገመው።

እህተማርያም አንድ ደብተር ገልብጣ ወደ እሱ አዞረችው። «ይች ልጅ ይኸን ፊደል አጣማ ነው የምትጽፈው። ክረምቱን በሙሉ አጥንታለች ትላለች እናቷ፤ እውነቷን ነው፣ ሦስት ደብተር ጨርሳለች። ግን ማንም አላረማትም። አሁን ፊደሉ ከበፊቱ ይበልጥ ጠማማ ሆኗል፤ በዚያ ላይ ፈጥና ነው የምትጽፈው።» ደብተሩን ወደ ቦታው መለሰች። «ሴትዮዋ ያሉህ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?»

ይኸነው አሰበ። «ቁም» ያሉት ሁሉ ተበላሽቷል። አንዷ እንኳ አልዳነችም።

«ትክክል ነበሩ» አለ።

«እንግዲያ ምን አስቆጣህ?»

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እማማ በቀለች ደጅ ቆመ። ምንም እንዳልተፈጠረ «ና ግባ» አሉት። በዚህ ጊዜ «ቁም» ሲሉት ቆመ። ቆሞም አየ። ስንጥቁ ለዓይን ገና ቀጥ ያለ ይመስላል፤ በጣቱ ሲዳስሰው ግን ግራው ከቀኙ በጥቂቱ ሳስቷል። የክር ያህል ልዩነት ናት። ዓይኑ አራተኛው አንጓ ላይ ያያት የነበረችው ጥፋት የምትጀምረው እዚህ ነው።

«አባትዎ እዚህ ላይ ምን ያደርጉ ነበር?»

እማማ በቀለች ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ዘንጉን ያስደገፈበትን ጉልበቱን ያዛውር ነበር። አንዳንዴ ወዲህ፣ አንዳንዴ ወዲያ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ልጅ ነበርኩ።»

ይኸነው ጉልበቱን ወደ ግራ አዛወረ፤ ባሰ። ሌላ ዘንግ አነሣ። ወደ ቀኝ አዛወረ፤ ምንም አልለወጠም። አመሻሹ ላይ ግን ጉልበቱን ከቀኙ በታች አድርጎ ሳያስበው ጫን ሲል ወፍራሙ ወገን ጎበጠ፤ ስንጥቁም ወደ ጎበጠው ወገን ሲመለስ በእጁ ተሰማው። ነገሩ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ለእጁ ገባው። ወፍራሙን ማጉበጥ ነው። አቶ ደረሰ ጉልበታቸውን ያዛውሩ የነበረው ወፍራሙን ለማጉበጥ ነው። ይህን እማማ በቀለች ስምንት ዓመት አይተውታል፤ ግን ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ሺህ ቀርከሃ የሰነጠቀ እጅ ያስፈልግ ነበር። ይኸነውም ያ እጅ ነበረው፤ ግን ያለ እሳቸው «ቁም» ዕድሜውን ሁሉ ከዚያች ቦታ አልፎ ይሄድ ነበር።

አራተኛውን አንጓ አለፈ። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን። ስምንተኛው ላይ ተበላሸ።

«አባቴም ስምንተኛው ላይ ይሰድብ ነበር» አሉ እማማ በቀለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አራት ቀን እሳቸው ደጅ ይውል ጀመር። አሳምነው የወንበሩን ሥራ ያዘለት። በመጀመሪያው ሳምንት እማማ በቀለች በቀን ሠላሳ ጊዜ «ቁም» ይሉታል። በሁለተኛው ሳምንት አሥር ጊዜ። በሚያዝያ አጋማሽ አንድ ቀን አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ይኸነው ራሱ ቆመ። ተያዩ። እማማ በቀለች ጫፉን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ዘጠኝ ክንዱን የጨረሰችው የመጀመሪያዋ ስንጥቅ የዚያን ዕለት ወጣች። ይኸነው ትከሻው ላይ አድርጓት ወደ ደብሩ ሲሄድ መንገደኛው ሁሉ ምን እንደተሸከመ ይጠይቀው ነበር፤ እሱም ለሁሉም ቆሞ አስረዳ። ወንበር ሸጦ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ግንቦትን ሙሉ ኮርኒሱን ሸመነ። አሳምነውና ሁለት የደብሩ ሰዎች መወጣጫው ላይ አብረውት ሠሩ። ለሰኔ ሚካኤል ዋዜማ መወጣጫው ወረደ።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወዲያው አልወጣም። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ ያያል። ኮርኒሱ ከመሐል ተነሥቶ እንደ ሞሰብ ክዳን እየሰፋ እስከ ግድግዳው ይወርዳል፤ ቀለሙ ገና ማር ነው። ቄስ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ወደ ፊት ወጡና «ይኸን የሠራ እጅ ይባረክ» ብለው ይኸነውን በስሙ ጠሩት። ይኸነው ፊቱ ቀላ፤ ግን አንገቱን አልደፋም። ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ «አባ፣ የሠራነው ሁለት ነን። የአቶ ደረሰ ልጅ እማማ በቀለች አስተምረውኛል» አለ።

የሴቶቹ ወገን እልል አለ። እማማ በቀለች ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሕዝቡ ሲወጣ ሁለቱ ወደ ኋላ ቀሩ። እማማ በቀለች መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ላይ አመለከቱ።

«ከመሐል ሰባተኛዋ ረድፍ ላይ አንዷ ጥቂት ሸሽታለች።»

«አይቻታለሁ» አለ ይኸነው። «ከምሰሶው በላይ ደግሞ ሌላ አለች።»

እማማ በቀለች ዓይናቸውን አጥብበው ረጅም ጊዜ አዩ። ወደ ግራ ተጠጉ፣ ወደ ቀኝ ተጠጉ። በመጨረሻ መቋሚያቸውን አወረዱ።

«እኔ እሷን አላየኋትም» አሉ፤ እጃቸውንም በትከሻው ላይ አኑረው እየተደገፉት ወደ ደጁ ወጡ።