ለማወዳደሪያ የተተዉት

ንጋትወርቅ ከአዋሽ ወደ ሰመራ የተዛወረችው በእድገት ነው። አዋሽ ላይ የቲቢ ሕመምተኞችን በሚከታተል የጥናት ፕሮጀክት ውስጥ ትሠራ ነበር። ሕመምተኛው በየማለዳው ክኒኑን እንደዋጠ ለፕሮጀክቱ ስልክ ሚስኮል ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሚስኮሉ ሲዘገይ፣ ስልኩ ሲዘጋ፣ ሰውየው ከሰፈሩ ሲርቅ እያየ የሰውን ጠባይ ይማራል። ተምሮም፣ መድኃኒቱን ሊተው የተቃረበውን ሰው ገና ሳይተው ስሙን በቀይ ያወጣዋል። አዋሽ ላይ ስም ሲቀላ ነርስ ሞተር ሳይክል አስነስታ ትበራለች። ስንቱ እንዲያ ሆኖ ከአፋፍ ተመልሷል።

ሰመራ ላይ ግን ስም ሲቀላ ማንም ንቅንቅ አላለም።

"ይሄኛው ወገን ለማወዳደሪያ ነው" አሏት የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ። "አዋሽን እንረዳለን፤ ሰመራንና ዙሪያዋን እናያለን። ልዩነቱ ካልታየ ማሽኑ ይጠቅማል ብንል ማን ያምነናል? ከታመነልን ግን ለአገር ሁሉ ይተርፋል።"

"እስከዚያ የሚተዉትስ ዶክተር?"

"እኛ ባንመጣም ይተዉ ነበር።"

ነገሩ እውነት ነበር። ቤቷ ስትገባም መልስ ስትፈልግለት አመሸች።

ብዙም ሳይቆይ የጥጋቡ ስም ቀላ። ጥጋቡ ከላስታ ለጥጥ ለቀማ ወርዶ ዱብቲ እርሻ ላይ የቀረ ጎልማሳ ነው። የመዘገበችው እሷ ነበረች፤ ገና ሰመራ እንደገባች፣ የማወዳደሪያውን ነገር ሳትሰማ። "እንግዲህ ብጠፋ ማሽኑ ይፈልገኛል በይኛ!" ብሎ ሲስቅ "ይፈልግሃል" ብላው ነበር። አሁን ሚስኮሉ አንድ ማለዳ ይመጣል፣ ሁለት ማለዳ ይቀራል። ከዚያ ጭራሽ ቀረ።

ታገሠች። ታግሣ ታግሣ፣ አንድ እሑድ ሚኒባስ ተሳፍራ ዱብቲ ወረደች።

እሸቴ የሚባል የሥራ ጓደኛው ከሠራተኞቹ ዳሶች ወደ አንዱ መራት። ጥጋቡ ላስቲክ ሥር፣ ማዳበሪያ ላይ ተኝቷል። ጉንጩ ሟሙቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ክኒኖቹ ራስጌው በፌስታል ተቋጥረዋል።

"ለምን ተውከው?" አለችው።

"አልተውኩትም እህቴ። ስውጠው ረሃብ ይለቅብኛል። ዳቦ ስትገኝ ዋጥኩ፣ ስትታጣ ዘለልኩ።" ሳል ይዞት ቆየ። ሲለቀው ፊቱ በራ። "ማሽኑ ነው የላከሽ?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ምን ትበለው?

እሸቴና እሷ ደግፈው ባጃጅ ውስጥ አስገቡት። ሆስፒታል ሲደርሱ ሻርፗ እሱ በሳለው ደም ርሷል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ በሽታው ግን ቀድሟቸው ነበር። ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። አስከሬኑን ላስታ ድረስ የሚያወጣው ስላልነበረ ዱብቲ ተቀበረ። ለእናቱ ስልክ የደወለው እሸቴ ነው። ንጋትወርቅ አጠገቡ ቆማ፣ ከስልኩ ውስጥ የሚወጣውን እሪታ ሰማች።

ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ወሬው ደርሷቸው ጠሯት። እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ።

"አዝናለሁ" አሏት። "ግን ገብተሽበታል። የተነካ ሰው ደግሞ ለንጽጽር አይሆንም። ከጥናቱ ወጥቷል።"

"ሞቷል እኮ ዶክተር!"

"ሞቱም አይቆጠርም።"

ኮምፒውተሩን አስረክባ ሥራውን እንድትለቅ ተነገራት። አስረከበች። ከጭንቅላቷ ግን የሚረከባት አልነበረም፤ አንድ ሌላ ቀይ ስም እዚያ ቀርቷል። ኮከብ፣ ሰርዶ።

ሰርዶ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች የሚያርፉባት ትንሽ ከተማ ናት። ኮከብ የሾፌሮች ምግብ ቤት ውስጥ ታስተናግዳለች። ንጋትወርቅ ወደ ጓዳ በር ጠርታት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስለ ቲቢ መድኃኒትሽ ነው የመጣሁት። አታቋርጪው።"

ልጅቷ የያዘቻቸውን ሳህኖች ደረቷ ላይ አስጠጋች። "ማን ነገረሽ?" አለች። "እዚህ ማንም አያውቅም እኮ!"

አሁን ግን ታወቀ። የቤቱ ባለቤት ኡምሰልማ ጀበና ልታነሳ መጥታ ኋላቸው ቆማለች። ኮከብን አየቻት፤ ሳህን የያዙ እጆቿንም አየች።

"ወላሂ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለች ኡምሰልማ። "ግን ሾፌሮቹ ከሰሙ ማን ይበላልኛል? ልብስሽን ያዢ ልጄ። አላህ ያሽርሽ።"

ንጋትወርቅ ልትለምን ሞከረች። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው ሌላውን እንደማያሲዝ አስረዳች፤ የኮከብ ስም የቀላው ግን በደንብ ስላልወሰደች መሆኑ ትዝ ሲላት ልመናዋን ተወች።

መንገዱ ዳር ቆሙ። ነፋሱ እንደ ምድጃ ትንፋሽ ይለበልባል። ኮከብ ሻንጣ እንኳ የላትም፤ ያላት አንድ ፌስታል ነው።

"አየሽ ያደረግሽኝን?" አለች። "እንጀራዬን ቆረጥሽው። አሁን የት ነው የምትወስጂኝ?"

"ዱብቲ ሆስፒታል።"

"ከዚያስ?"

ንጋትወርቅ ይህን አላሰበችበትም ነበር። "ከዚያ እኔ ጋ ትቀመጫለሽ" አለች፣ የእሷም ቤት እስከ መቼ እንደሚቆይ ሳታውቅ።

ሚኒባሱ ሲመጣ ኮከብ ቀድማ ገባችና መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከሁሉም ርቃ ተቀመጠች። አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ መስኮቱንም እስከ ጥግ ከፈተችው።