ከቀኝ የሚጽፍ ብዕር

ናጃት ሰይድ፣ አብዱ ሌላ ሴት ማግባቱን የሰማችው ሽንኩርት እየላጠች ነው። የነገረቻት ዘመናይ ናት፤ ሦስት ቤት አልፋ የምትሠራ የአገሯ ልጅ። በኢሞ ደውላ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማዳሟ፣ ስለ ወገቧ ስታወራ ስታወራ ቆየችና በመጨረሻ «እህቴ፣ አብዱ አገር ቤት፣ ደጋን ላይ ኒካሕ አሰረ አሉ» አለቻት። ናጃት «ኸይር ኢንሻአላህ» ብላ መላጧን ቀጠለች። አራት ዓመት ሙሉ «እመጣለሁ» ስትለው «እጠብቅሻለሁ» ሲላት የኖረ ሰውዬ እኮ ነው! ሌላዋ ብትሆን ቤቱን በጩኸት ታቀልጠው ነበር። እሷ ግን ደረቷን ብትዳብስ ምንም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጧ ደነዘዘ። ሲበሉ ትበላለች፣ ሲስቁ ትስቃለች፣ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች፤ የሚያማት ነገር የለም፣ የሚጥማትም የለም።

ነገሩ የሆነው በ2007 ነው። በ2006 ዐረብ አገር ያለው ሀበሻ በየመንገዱ እየተለቀመ ተርሒል ከሚሉት የማባረሪያ እስር ቤት ወደ አገሩ ሲጫን፣ እሷ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ንጹህ ስለነበር ሙረባዕ ሰፈር፣ ሼኽ ዑስማን ቤት፣ እንዳለች ቀረች። ሼኽ ዑስማን የቤቱ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር የሚኖሩ። ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የእድሜ እኩዮቻቸው ግመል ይወዳሉ፣ ጭልፊት ይወዳሉ፤ እሳቸው የወደዱት ብዕር ነው። ምን ይደረግ፣ ሰው የወደደውን ይወዳል። በክፍላቸው ባለው ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ አርባ ሦስት የቀለም ብዕር፣ አንድ በጥጥ ላይ የተኛ የብርጭቆ ብዕር፣ ረድፍ ረድፍ የቀለም ብልቃጥ፣ ጣት ሲያልፍበት ሐር የሚመስል ወረቀት ነበራቸው። ምራታቸው፣ የናጃት ማዳም ማለት ነው፣ «ዝባዝንኬ» ትለዋለች።

ያንን ዝባዝንኬ ማጠብ የናጃት ሥራ ሆነ። ሽማግሌው አጠገባቸው አቁመው አስተማሯት። ውኃው ለብ ያለ እንጂ የሞቀ አይሁን። ቀለሙ ጠርቶ ጠርቶ ውኃው ውኃ እስኪመስል ድረስ እየሞላሽ ድፊው። ከዚያ ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ በጨርቅ ላይ አሳርፊው። አንድ ቀን ደግሞ አጉሊ መነጽራቸውን ሰጥተው የብዕሩን ጫፍ አሳዩዋት። ጫፉ መሐሉ የተሰነጠቀ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን እግር አለው። እግሮቹ እኩል ካልቆሙ ወረቀት ይቧጭራል። ያን ጊዜ በአውራ ጣት ጥፍር ቀስ፣ ቀስ አድርጎ ገፋ ነው። ናጃት እጇ ቀና ስለነበር ቶሎ ያዘችው፤ እሳቸውም «እጅሽ አዋቂ ነው» ብለው አመሰገኗት። እሷ በምስጋናው አልተደሰተችም፣ አልከፋትምም።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሼኽ ዑስማንን ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው ዛለ። ለአምቡላንሱ ሲያወጧቸው በግራ እጃቸው የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ናጃት መዳፍ ላይ አኖሩ። «ቀለም ከደረቀባቸው ይሞታሉ። እጠቢያቸው» አሏት በተሳሰረ አንደበት።

አጠበቻቸው። የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ማዳሟ ጋደም ትላለች፤ ቤቱ ከኤሲው ጉርምርምታ በቀር ጸጥ ነው። ናጃት በዚያች ሰዓት ክፍሉን ከፍታ ትገባለች። መጀመሪያ ማጠብ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዱን ሞልታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ማንም አላያትም እንግዲህ። ያነሣችው ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የጻፉበትን ጥቁሩን፣ ባለወርቅ ጫፉን ነው። «ናጃት» ብላ ልትጽፍ ብትሞክር ጭርርር አለባት። ቧጨራት፣ ቀለም ተፋ፣ ወረቀቱን ቀደደ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብዕሩ ሠላሳ አራት ዓመት ከቀኝ ወደ ግራ የተገራ ነው፤ ዐረብኛ የሚጻፈው ከቀኝ ነዋ። የእኛ ፊደል ደግሞ ከግራ ይነሣል። ናጃት ይህን ወዲያው ገባት፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች ልጅ ናት፣ ቂል አይደለችም። አጉሊ መነጽሩን አነሣችና በአውራ ጣቷ ጥፍር አንደኛውን እግር ገፋ አደረገችው። በማግስቱ ደግሞ ትንሽ። በአምስተኛው ቀን ብዕሩ ዞረላት። ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቅቤ ይሄድ ጀመር።

የምትጽፈው የረባ ነገር አልነበረም። ሀ ሁ ሂ። የወንድሞቿን ስም። የደጋንን ገበያ ቀን። የሩዝና የዘይት ዝርዝር። የምትጽፍለት ሰው አልነበራትም። ግን ቀለሙ ገና እርጥብ ሆኖ ሲያብረቀርቅና ከዚያ በዓይኗ ሥር ሲደርቅ፣ ያ ደንዝዞ የከረመው ደረቷ ላወስ ይላል። ደስታ ነው እንዳይባል ደስታ አይደለም። ብቻ በቀን ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ናጃት በሕይወት እንዳለች የምታውቀው በዚያች አንድ ሰዓት ነበር። ስትጨርስ ወረቀቱን ትቀድና ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ትጥለዋለች።

ሼኽ ዑስማን አረፋ ሊደርስ ሲል ወደ ቤት ተመለሱ። እግራቸው ተሽሏል፣ አንደበታቸውም ተፈቷል። ቀኝ እጃቸው ግን ገና ነው። አልጋቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ የጠየቁት ውኃ አይደለም፣ ያንን ጥቁር ብዕር ነው። ናጃት ሞልታ አመጣች። ምን ሊመጣ እንደሆነ እያወቀች ክዳኑን ከፍታ ሰጠቻቸው።

በዛለው ቀኝ እጃቸው ይዘው ከቀኝ ጀምረው «ቢስሚ» ሊጽፉ ሲሉ ብዕሩ ወረቀቱን ነከሰ። ዘለለ። ቀለም ተፋ። ደግመው ሞከሩ፤ ወረቀቱን ቀደደው። ሽማግሌው የተቀደደውን አዩትና ክዳኑን ቀስ ብለው ገጠሙ።

«ኸላስ፣ እጄ ሞቷል» አሉ።

ናጃት ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። «ካንቺ ጋር ይሁን። እኔ ምን ላደርግበት? ከፈለግሽ ጻፊባቸው፣ ብዕር ካልጻፉበት ይበላሻል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ይኸውላችሁ እንግዲህ! በስርቆት ስትቀመጥበት የኖረችውን ወንበር በገዛ አፋቸው ሰጧት። የሚፈለግባት ዝም ማለት ብቻ ነው። ከተናገረች ቁልፉ ይሄዳል፣ ወንበሩ ይሄዳል፣ ያች አንዲት ሰዓት ትሄዳለች። ማዳሟ ከሰማች ደግሞ እሷም ትሄዳለች።

ለዘመናይ ነገረቻት። ዘመናይ ነገር አታሽሞነሙንም። «እና ምን ልትሆኚ ነው?» አለቻት በስልክ። «ሰውየው ሰጠሽ፣ አለቀ። አፍሽን ያዢ። ሌላው ዓይኑን ሳያሽ ሚሊዮን ይሰርቃል፣ አንቺ ስለ ብረት ጫፍ በገዛ እጅሽ ተርሒል ልትገቢ ነው? ደግሞስ የፊደል ገበታ ከመጻፍ ባል ብትፈልጊ አይሻልሽም?»

«እውነትሽን ነው» አለች ናጃት። እውነትም መስሏት ነበር።

ስለዚህ ጻፈች። ሽማግሌው አልጋ ላይ፣ እሷ ጠረጴዛው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፈቃድ። እጃቸውን የሚያሽላቸው ሐኪም በሳምንት ሁለቴ እየመጣ የሚጨብጧት የላስቲክ ኳስ ሰጥቷቸው ነበር፤ «ለየትኛው እጅ?» ብለው ወረወሯት። ኋላ ሐኪሙን ራሱን አትምጣ አሉት። ሾርባውን ምራታቸው እንደ ሕፃን በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፤ እምቢም አይሉ። ሙሉ ጸሐፊ የነበረ ሰውዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ሆነ። ናጃት ይህን ሁሉ ታያለች። ጸጸት ካለ ብላ ውስጧን ትፈልጋለች፤ የለም። ይሄ ነው ያስፈራት። የሰው ልጅ በገዛ ጥፍሯ ጥፋት ዓይኗ ሥር እየሞተ፣ እሷ የጤፍ ቅንጣት ያህል እንኳ አልተሰማትም።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ እየጻፈች ሳለ ሽማግሌው ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ ተናገሩ።

«ድምፁ ደስ ይላል» አሉ። «የኔም እንደዚያ ነበር።»

ናጃት እጇ ቆመ። ልቧ አሁንም ምንም አላለም። ጭንቅላቷ ግን ያውቃል፤ ይሄ ትክክል አይደለም። ልቤ እስኪነግረኝ ብላ ብትጠብቅ ሰውየው ያልቃሉ። ተነሣችና አልጋው ጎን ተንበረከከች።

«ባባ፣ እጅዎ አይደለም» አለች በሰባራ ዐረብኛዋ። «ብዕሩ ነው። እኔ ነኝ ያጣመምኩት።»

አልገባቸውም። «ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም። በጥፍሬ አዞርኩት። ሆስፒታል እያሉ ልጽፍበት ብዬ። እኛ የምንጽፈው ከግራ ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። «ከግራ?»

«ከግራ።»

አራት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ይህን አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። «ጻፊ እስቲ» አሏት። ስማቸውን ጻፈችላቸው፣ «ዑስማን» ብላ፣ በፊደል፤ ብዕሩ እንደ ዘይት ፈሰሰ። ነጥቀው ከቀኝ ሊሄዱበት ሲሉ ጭርርር አለ። አጉሊ መነጽራቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው ጫፉን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። አንደኛው እግር ትንሽ ዘንበል ብሏል።

ሽማግሌው ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «የብርጭቆውን አምጪ» አሉ፣ ከአልጋው ለመውረድ እየተጣደፉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። «እሱ ጫፉ ክብ ነው፣ ቀለም የሚይዘው ጎድጓዳ መስመሩ ዙሪያውን ነው። ቀኝ የለው፣ ግራ የለው። ማንም ሊያጣምመው አይችልም።»

አመጣችላቸው። ብልቃጡን ከፈተች። ነከሩት፣ ትርፉን በብልቃጡ ከንፈር አራገፉ፣ ወረቀቱን በግራ ክንዳቸው ተጫኑ። በአገራቸው ፊደል ስማቸውን ጻፉ።

ብርጭቆው አልቧጨረም፣ አልነከሰም፣ የታዘዘውን ብቻ ጻፈ። ዐይን የምትባለው የዐረብኛ ፊደል ተከፍታ ቀረች። ሚሟ ተንጋደደች። አሊፉ እንደ ሰከረ ሰው ጎኑን ይዞ ቆመ። ከ«ሳ» ፊደል ሦስት ነጥቦች አንዷ ከመስመሩ ውጭ ለብቻዋ ወድቃለች። የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ነው።

ለካ እጃቸውም በእርግጥ ታሟል። ናጃት ምነው ባልተናገርኩ አለች በሆዷ። ተስፋ ሰጥታ የነጠቀቻቸው መሰላት።

«አፉ ይበሉኝ፣ ባባ።»

ሼኽ ዑስማን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ያዩ ነበር፤ የተቀደደውንና የተንጋደደውን።

«ግማሹ ያንቺ ጥፋት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግማሹ የኔ ሕመም ነው። እኔ ሁሉንም ሞት አድርጌው ነበር። ያንቺን ግማሽ ዑለያ ሰፈር ያለው ብዕር ሠሪ ያቃናዋል። የኔን ግማሽ ራሴ አየዋለሁ።» ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።»

ናጃት የቁልፉን ክር በራሷ ላይ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ለማዳምሽ አልነግርም። የሰው እጅ የገራውን ብዕር ማጣመም ግን ነውር ነው፣ ዳግመኛ አትነኪያቸውም። ማጠቡንም እኔው አጥባለሁ፣ ለእጄ ይበጀዋል። ያላ፣ ሥራሽ ላይ ሂጂ።»

የቤቱ ሹፌር በማግስቱ ብዕሩን ዑለያ ወሰደው። በሳምንቱ ተመለሰ፤ የናጃት የሦስት ወር ጽሕፈት ከጫፉ ላይ ተስተካክሎ ጠፍቷል። ሐኪሙም ተጠርቶ መጣ። ኳሷ ከሶፋ ሥር ወጣች። ሼኽ ዑስማን ሾርባቸውን በገዛ እጃቸው፣ እያፈሰሱም ቢሆን፣ መጠጣት ጀመሩ። ማዳሟ «አላህ ይመስገን፣ ምን ነካቸው?» ትላለች። ዘመናይ በኢሞ «ታዲያ ምን አተረፍሽ?» ብትላት፣ «ምንም» አለቻት። እውነቷን ነው።

ዐስር ከተሰገደ በኋላ አሁን የሽማግሌው በር ይዘጋል። ናጃት በዚያች ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጀለቢያ ትተኩሳለች። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። ሁለተኛውም። እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ይሄም ያልፈኛል ብላ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከበሩ ወዲያ ድምፅ መጣ። ብርጭቆ የብልቃጥ ከንፈር ነካ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ጸጥታ፤ እየጻፉ ነው። ናጃት ካውያውን እንደያዘች ቆመች። የቀኝ እጇ ጣቶች ሳታዛቸው ተሰበሰቡ፣ ብዕር እንደሚይዝ ሰው። ቀናች። ናፈቀች። የራሷ የነበረችውን አንዲት ሰዓት በራሷ አፍ ሰጥታ መምጣቷ አሁን ገና ገባት፤ ሲገባትም አልሰጥም ነበር ማለት አልቻለችም። ካውያውን አቁማ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አፏን በሻርፗ ይዛ አለቀሰች።

«አመመኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።